ጦማርና ጦማሪው ካህን፦ ጥንታዊው የመልእክት ሥርዓትና የዛሬው የበይነ መረብ አገልግሎት

መነሻ

በበይነ መረብ ላይ በየጊዜው ጽሑፍ የሚያወጣ ሰው በአማርኛ ጦማሪ፣ ሥራውም ጡመራ ከተባለ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስያሜውን የመረጡት ሰዎች ከባዶ አልተነሡም። ጦማር በግእዝ መልእክት፣ ደብዳቤ፣ ጥቅልል ጽሑፍ ማለት ሲሆን ወደ ግእዝ የገባውም ከጽርዕ ቋንቋ ነው። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ድርሰት እንደ ሆነ የሚነገረው ጦማረ ትስብእት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ አንድ ካህን ጦማሪ ሲባል፣ ስም አውጪዎቹ አስበውትም ሆነ ሳያስቡት፣ ከሐዋርያት ጀምሮ በሩቅ ላሉ ምእመናን መልእክት ይጽፉ ከነበሩ አገልጋዮች ተርታ ይቆማል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ዝምድና ነው። ካህናት በበይነ መረብ ያስተምሩ ወይስ አያስተምሩ የሚለው ክርክር በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ወስዷል። በጸሐፊው አስተያየት ግን ጥያቄው ጊዜው አልፎበታል፤ እያስተማሩ ነውና። ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው፣ ጥንት ከሩቅ የመጣ ቃል በሰሚው ዘንድ እንዲከበር ያደረገው ምን እንደ ነበረና ያ ነገር ዛሬ የት እንደ ደረሰ ነው። መልእክት ጸንቶ የቆመው በውስጡ ባለው ቃል ብቻ አልነበረም፤ ቃሉን ሦስት ነገሮች ያጅቡት ነበር፤ እነርሱም የጸሐፊው እጅ፣ የመልእክተኛው እግርና የጉባኤው ጆሮ ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ ይህ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተወሰዱ ሲሆኑ፣ የሮማ ካቶሊክና የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልምድ ለንጽጽር በሚጠቅምበት ስፍራ ብቻ ይነሣል።

እጅ፣ እግርና ጆሮ

ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክት ውስጥ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ምእመናኑን አውኳቸው ነበር፤ ሐዋርያውም በምዕራፍ 2 ላይ ከእርሱ የተላከ በሚመስል መልእክት እንዳይናወጡ ያስጠነቅቃቸዋል። በስሙ የተጻፈ የሐሰት ደብዳቤ ሊዘዋወር እንደሚችል ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስለዚህም በመልእክቱ ፍጻሜ ሰላምታውን በገዛ እጁ እንደ ጻፈና ይህም የመልእክቶቹ ሁሉ መለያ እንደ ሆነ ይነግራቸዋል። ቃሉን ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል፤ ለሮሜ ሰዎች የተላከውን በብራና ያሰፈረው ጤርጥዮስ ነበር። መለያው ግን የሐዋርያው እጅ ነው።

ሁለተኛው መልእክተኛው ነው። ወደ ቆላስይስ የሄደው ቲኪቆስ ደብዳቤ አድርሶ የሚመለስ ተራ ፖስተኛ አልነበረም፤ ስለ ሐዋርያው ኑሮ በቃል እንዲያስረዳና ልባቸውን እንዲያጽናና ጭምር ተልኳል። ለሮሜ ምእመናን አደራ የተሰጠችው የክንክራኦስ አገልጋይ ፌቤንም መልእክቱን ያደረሰችው እርሷ እንደ ሆነች ብዙ ተርጓሚዎች ይቀበላሉ። እንዲህ ያለው ሰው በደብዳቤው ላይ ያልተገለጠውን ያብራራል፤ የከረረውን ያለዝባል፤ አንባቢው የተሳሳተ እንደ ሆነም «አባታችን ይህን ማለቱ አይደለም» ብሎ ያርማል። ስለ መልእክቶች አተረጓጐም ስንማር ይህን ሕያው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን፤ እጃችን የደረሰው ብራናው ብቻ ነውና።

ሦስተኛው ጉባኤው ነው። የመጀመሪያው የተሰሎንቄ መልእክት ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ በብርቱ ቃል ታዝዟል። የቆላስይስ መልእክትም በሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ ከሎዶቅያ የሚመጣውንም የቆላስይስ ሰዎች እንዲያነቡት ተነግሯል። ቃሉ የሚሰማው በማኅበር ነበር። ሰሚው ነገሩ ቢከብደው የሚጠይቀው ሽማግሌ፣ ቢያዝን የሚያየው ወንድም አጠገቡ አለ።

ቅዱስ ዮሐንስ ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው መልእክቱ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው በቀለምና በብርዕ መጻፉን እንዳልወደደ፣ ፊት ለፊት መነጋገርን እንደ መረጠ ይገልጻል። በዚህ አካሄድ ጽሑፍ የፊት ለፊት ግንኙነት ዋዜማ እንጂ ምትክ አይደለም። በዚያው በሦስተኛው መልእክት ውስጥ ዲዮጥራጢስ የሚባል ሰው የሽማግሌውን ጽሑፍ አልቀበልም እንዳለ፣ የሚቀበሉትንም ይከለክልና ከማኅበር ያወጣ እንደ ነበር እናነባለን። መልእክትን መዝጋትም እንግዲህ የትናንት ጉዳይ አይደለም።

ከእስክንድርያ እስከ ኢየሩሳሌም

የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት በየዓመቱ የፋሲካን ቀን የሚያሳውቅ መልእክት ወደ አብያተ ክርስቲያናት ይልኩ ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ በ367 እ.ኤ.አ. የላከው 39ኛው የፋሲካ መልእክት የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት በዝርዝር በማስቀመጡ ይታወቃል። በዓሉ የሚውልበትን ቀን ለማስታወቅ የወጣ ጽሑፍ የቅዱሳት መጻሕፍትን ቁጥር ከሚመሰክሩ ሰነዶች አንዱ ሆነ።

ለእኛ የሚቀርበን ግን ሌላ ደብዳቤ ነው። አትናቴዎስ ከመንበሩ ተሰድዶ ጊዮርጊስ የተባለው በምትኩ በተተከለበት ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢዮስ ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ዔዛናና ሳይዛና ጽፎ ነበር። ጥያቄው አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአዲሱ ሊቀ ጳጳስ ፊት እምነቱ እንዲመረመር ነው። ስለ ኢትዮጵያ ካህን ሥልጣን ከተጻፉ ጥንታዊ ሰነዶች አንዱ፣ ሥልጣኑን ከሩቅ ሆኖ የሚጠራጠር ደብዳቤ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የአክሱም ሰዎች የፍሬምናጦስን ፊት ያውቁ ነበር፤ ደብዳቤውን የላከውን ንጉሥ ግን አላዩትም። የሀገራችን ትውፊት ፍሬምናጦስን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ በክብር ያስበዋል።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በኢየሩሳሌም ለነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የሲኖዶስን መጽሐፍ ከመልእክት ጋር ልኳል። ከሀገር ርቆ የሚኖር ማኅበር በሥርዓት እንዳይለይ ከመንበሩ የሚላክለት ቃል ይህን ያህል የቆየ ታሪክ አለው። በሀገር ውስጥም ንጉሡ ድርሰቶቹ በሰንበት በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበቡ ያዝዝ ነበር። ትእዛዙን መውደድና አለመውደድ ሌላ ነገር ነው፤ ቃሉ ግን በጉባኤ ፊት በታወቀ ካህን አንደበት ይነበብ ነበር።

ዐውደ ምሕረትም በዚሁ ሥርዓት የቆመ ነው። ከሌላ ሀገረ ስብከት የመጣ ሰባኪ ማን እንደ ላከው ይጠየቃል፤ የፈቃድ ደብዳቤውን ያሳያል፤ አስተዳዳሪው ወይም የስብከተ ወንጌል ኃላፊው ለምእመናን ያስተዋውቀዋል። ቃሉን ሲፈጽም ጉባኤው በአንድ ድምፅ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይላል። ምርቃቱ የሰባኪው ምስጋና ብቻ ሳይሆን ማኅበሩ ቃሉን መቀበሉን የሚገልጥበት ማኅተም ነው።

ዛሬ የት ደረሱ?

ከእጅ እንጀምር። የሊቃነ ጳጳሳትንና የታወቁ ሰባክያንን ስምና ፎቶግራፍ ይዘው የሚከፈቱ ሐሰተኛ ገጾች ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ፣ ለሕሙማን፣ ለገዳማት እያሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አባቶችም ገጹ የእነርሱ እንዳልሆነ ደጋግመው ለማስተባበል ይገደዳሉ። ይህ የተሰሎንቄ ችግር ራሱ ነው። በተቃራኒው ደግሞ እጁ እውነተኛ ሆኖ በየትኛው ስሙ እንደሚጽፍ ያልለየ ካህን አለ። በኅዳር ወር 2010 እ.ኤ.አ. በለንደን ሀገረ ስብከት የዊልስደን ጳጳስ በፌስቡክ ገጻቸው ስለ ልዑል ዊልያም መታጨት የጻፉት የፌዝ አስተያየት በጋዜጦች ወጣ። ይቅርታ ቢጠይቁም የበላያቸው የለንደን ጳጳስ ለጊዜው ከአደባባይ አገልግሎት እንዲታቀቡ አደረጉ። ለወዳጆች የተጻፈ ቀልድ የጳጳስ ቃል ተደርጎ ተነበበ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ2019 እ.ኤ.አ. ለማኅበራዊ መገናኛ አጠቃቀም የሥነ ምግባር መመሪያ አውጥታለች። በእኛም ዘንድ መስቀሉን ጨብጦ የተነሣው ፎቶግራፍ ከገጹ አናት ላይ ያለ ካህን ከሥሩ የሚጽፈው የግል አስተያየቱ መሆኑን የሚነግረን ነገር የለም። ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ስለ ፖለቲካ ፓርቲ የሚሟገት ሰው ዐውደ ምሕረት ላይ ቢቆም ኖሮ አስተዳዳሪው ድምፅ ማጉያውን ይቀበለው ነበር።

የከፋው ጉዳት የደረሰው በመልእክተኛው ላይ ነው። የቲኪቆስን ቦታ የያዘው የመገናኛ መድረኩ ስልተ ቀመር ነው፤ እርሱም የሚያደርሰው የታመነበትን ሳይሆን ብዙ ሰው ቆሞ የሚያየውን ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የመጡት የሌላውን ስብከት ቈርጠው የሚለጥፉ ባለ ገጾች ናቸው። አሠራራቸው የታወቀ ነው። ሰባኪው በአንድ ሰዓት ትምህርቱ ውስጥ ሊነቅፈው ያሰበውን የተቃዋሚ ሐሳብ ያነሣል፤ ቈራጩ ሐሳቡን ወስዶ ነቀፋውን ይተዋል፤ በላዩም «ጉድ ፈላ» ዓይነት ርእስ ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ «ቤተሰብ ይሁኑ» ይላል። ይህ የዩቲዩብ ግብዣ በጸሐፊው ጆሮ ሁልጊዜ ይከነክናል፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅነት በጥምቀት የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ቤተሰብነት አንድ ቁልፍ በመጫን የሚገኝ ነገር ሆኗልና። ቈራጩ የሰባኪውን ሐሳብ የማብራራት ግዴታ የለበትም፤ ሲጠየቅም የማይመልስ መልእክተኛ ነው። ሰባኪውም ከጊዜ በኋላ ሳያስበው ለቈራጩ ይሰብካል፤ ለመቈረጥ የሚመች አጭር፣ የጋለ፣ ሰው የሚጠራ ንግግር መልመድ ይጀምራል። ከሐሰተኛ ገጽ ይልቅ ይህ አደገኛ ነው፤ ሐሰተኛው ገጽ ከውጭ የመጣ ሲሆን ይህኛው የሰባኪውን ልማድ ከውስጥ ይለውጣልና።

ጉባኤውስ? አድማጩ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ወጥ ቤት፣ ከእንቅልፍ በፊት። ሆኖም አንድ ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ፤ ከስብከቱ ሥር «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» የሚል ጽሑፍ በየተራ ይደረደራል። ማንም አላዘዛቸውም። ምእመናኑ የጠፋባቸውን ጉባኤ በሚያውቁት ቃል መልሰው ለመሥራት እየጣሩ ነው። ከዚያው መስመር ግን ስድብና ዘለፋ ይከተላል፤ ያም በዐውደ ምሕረት ላይ በሽማግሌ ዓይን ብቻ ይገታ የነበረ ነው።

የ2015 ዓ.ም. ጥር እና የካቲት

ሦስቱ ነገሮች ተመልሰው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት የቅርብ ጊዜ ክስተት አለን። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት በወሊሶ አካባቢ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጪ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ሲኖዶሱም ተሰብስቦ ድርጊቱን አወገዘ። ጉዳዩ የሥልጣንና የቋንቋ፣ የፍትሕና የአስተዳደር ብዙ ጥያቄዎችን ያዘለ ስለ ሆነ እዚህ አይዘረዘርም፤ የምንመለከተው መልእክቱ እንዴት እንደ ተጓዘ ብቻ ነው።

የሲኖዶሱ መግለጫ የተነበበው አባቶች በተሰበሰቡበት፣ ፊታቸው በሚታይበት ነበር። እጁ ግልጽ ነው። ያንን ምስል የእጅ ስልክ በሰዓታት ውስጥ ከአሜሪካ እስከ ዓረብ ሀገራት አደረሰው። በነነዌ ጾም፣ ከጥር 29 እስከ የካቲት 1 ቀን፣ ምእመናን ጥቁር ልብስ ለብሰው እንዲጸልዩ የተላለፈው ጥሪ ደግሞ ጉባኤውን መለሰ። ጥሪውን በስልኩ ብቻውን የሰማ ሰው በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጎረቤቱን በጥቁር ልብስ ያየዋል። የልብሱ ቀለም መልእክቱ ለሁሉም መድረሱንና ሁሉም መቀበሉን በዓይን የሚያረጋግጥ ምስክር ሆነ። የካቲት 2 ቀን ማኅበራዊ መገናኛዎች ሲገደቡና ገደቡ ለአምስት ወራት ያህል ሲቈይ፣ ቃሉ ቀድሞ ወደ አጥቢያ ስለ ገባ መንገዱ ሙሉ በሙሉ አልተቈረጠም። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ። በእነዚያው ሳምንታት በሁለቱም ወገን የወጣው የግለሰቦች ንግግር ግን፣ ያለ እጅና ያለ ጉባኤ የተዘራ ስለ ነበር፣ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላም ቂም ሲያበቅል ቈይቷል።

ምክርና ምሥጢር

ትምህርት በደብዳቤ ሊሄድ እንደሚችል ሐዋርያት አሳይተዋል። ንስሐስ? የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የማኅበራዊ ግንኙነት ጳጳሳዊ ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. ስለ ኢንተርኔት ባወጣው ሰነድ ምሥጢራት በበይነ መረብ እንደማይፈጸሙ ወስኗል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ግን በ2010 እ.ኤ.አ. ለዓለም የመገናኛ ቀን ባስተላለፉት መልእክት ካህናት በእነዚህ መገናኛዎች ወንጌልን እንዲያስተምሩ አበረታተዋል። ሁለቱ አይቃረኑም፤ ቃሉ ይጓዛል፣ ምሥጢሩ በቦታው ይቈያል። የእኛም ሥርዓት በዚህ አይለይም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ምእመን የሚያዝያ 11ን ፋሲካ በቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲከታተል ማኅሌቱንና ቅዳሴውን ሰማ፤ ቅዱስ ቊርባን ግን በመስኮት አልተሰጠም።

ከባዱ ጥያቄ ያለው በመካከል፣ በንስሐ አባትና በንስሐ ልጅ ግንኙነት ላይ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችንን እናስብ። በሀገሩ ቤተ ክርስቲያን በግልጽ መትከል አይፈቀድም፤ የዕረፍት ቀንም ላይኖራት ይችላል። ለእርሷ የካህን ድምፅ የሚመጣው ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ በስልክ ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ከቤተ ክርስቲያን ካልመጣሽ አልሰማሽም» ማለት አባትነት አይደለም። ኀዘኗን መስማት፣ መምከር፣ የጸሎትና የጾም ሥርዓቷን እንደ አቅሟ ማቅለል ይገባል፤ ፍትሐቱ ግን ፊት ለፊት እስክትገናኝ ይቈያል። እዚህ ላይ የዮሐንስ አካሄድ ይሠራል፤ ስልኩ ዋዜማ ነው፣ ዋዜማው ሁለት ዓመት ቢረዝምም።

በተግባር የሚታየው አደጋ ሌላ ነው። ኑዛዜ የሚሰማው ካህን ምሥጢሩን እስከ ሞት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት ግን ካህኑ ዝም ቢልም ይናገራል፤ ስልኩ ይጠፋል፣ ለጥገና ይሰጣል፣ በልጁ እጅ ይገባል። ብዙ ካህናት በቅንነት «በድምፅ ላኪልኝ» ይላሉ። ይህ ልማድ ቢቀር መልካም ነበር፤ የሚነጋገሩት በቀጥታ ጥሪ ቢሆን ቃሉ እንደ ተነገረ ያልፋል። በጋራ የጥያቄና መልስ ገጾች ላይም ጠያቂዋ ያላሰበችው ዝርዝር ይወጣል፤ ከተማዋን፣ ሥራዋንና የባሏን ሁኔታ የጻፈች ሴት ስሟን ባትጽፍም በሰፈሯ ትታወቃለች። መልስ የሚሰጠው ካህን ጥያቄውን ከማንበቡ በፊት እነዚህን ምልክቶች መፋቅ ይኖርበታል።

በአጥቢያ ደረጃ የሚደረገው ነገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የፈቃድ ደብዳቤ ለጎብኚ ሰባኪ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ሀገረ ስብከቱ በአገልጋዮቹ ስም የሚሠሩትን እውነተኛ ገጾች ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጥፍ ሐሰተኛውን ለመለየት ይቀላል። በሳምንቱ ውስጥ በስልክ የተሰማውን ትምህርት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሩብ ሰዓት አንሥቶ የሚያወያይ ካህን ቢመደብ ብቻውን ያዳመጠው ሰው ጉባኤውን ያገኛል።

ለቀጣይ ጥናት

የቆስጠንጢዮስ ደብዳቤ እስከ ዛሬ የደረሰው አትናቴዎስ በራሱ የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ገለበጠው ነው፤ የባላጋራውን ቃል ጠብቆ ያቈየልን ተከሳሹ ነው። ሲኖዶሱ በሀገር ውስጥና በስደት ተከፍሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በቈየባቸው ዓመታት፣ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ድረስ፣ ካህናትና ምእመናን በድረ ገጾች ላይ የጻፉት ግን እየጠፋ ነው። ለብዙዎቹ ገጾች ክፍያ የሚፈጽም ሰው ቀርቷል፤ አንዳንዶቹ ባለቤታቸው ዐርፏል፤ ከዕርቁ በኋላ ያፈሩበትን ጽሑፍ ራሳቸው ያነሡም አሉ። የዘመኑን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሊያጠና ለሚነሣ ተመራቂ የመጀመሪያው ሥራ ትንታኔ ሳይሆን መልቀም ነው። ከአንድ አጥቢያ የቴሌግራም ቻናል ጀምሮ የወጣውን ሁሉ ከነቀኑ አትሞ በቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ በአንድ ክረምት የሚያልቅ ሥራ ነው።